ለወጣት የግንባታ ባለሙያዎች፦ ከወለሉ ሥር ቀና ብላችሁ እዩ

የግንባታ ሙያን ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ መስታወት ሕንፃዎችና ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራሞች ነው። እኔ ግን ዛሬ በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሻየር፣ ቤልፐር በተባለች ከተማ በደርወንት ወንዝ ዳር ስለቆመ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ ልንገራችሁ። ከውጭ ሲታይ መስኮት የበዛበት ቀይ የሸክላ ሕንፃ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ግን ውስጥ ነው፤ ገብታችሁ ከወለሉ ሥር ቀና ብላችሁ ስታዩ።

በዚያ ዘመን የጥጥ ፋብሪካ ለእሳት የተመቸ ቤት ነበር። አየሩን የጥጥ ብናኝ ይሞላዋል፤ የእንጨቱ ወለል ከማሽኖቹ የሚንጠባጠበውን ዘይት ይጠጣል፤ ሲመሽ የሚሠራው በሻማና በኩራዝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1786 የተሠራው የመጀመሪያው ሕንፃ በ1803 ተቃጥሎ ወደመ። ከባለቤቶቹ አንዱ የነበረው ዊልያም ስትረት በ1804 በቦታው አዲሱን ሲያቆም ወለሎቹን የሚሸከመውን ሁሉ ከብረትና ከሸክላ ሠራው።

ስትረት ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ በደርቢ ከተማ ባሠራው ፋብሪካ ዓምዶቹን ብረት አድርጎ ነበር፤ ቢሞቹ፣ ማለትም በዓምዶቹ ላይ ተጋድመው ወለሉን የሚሸከሙት፣ ግን በልስን የተሸፈነ እንጨት ነበሩ። የቀረውን መንገድ የሄደው በዚያው በእንግሊዝ የሽሩስበሪ ከተማው ቻርልስ ቤጅ ነው፤ የወይን ጠጅ ነጋዴና ቀያሽ። በ1797 የተጠናቀቀው የተልባ ክር ፋብሪካው ዓምዱም ቢሙም ብረት የሆነ በዓለም የመጀመሪያው ሕንፃ ነው። ሁለቱ ሰዎች ስለ ብረት ጥንካሬ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ስሌታችሁን ከባልደረባችሁ ስትሸሽጉ ሳይ የሚያሳዝነኝ ይህን ስለማውቅ ነው።

አሁን ወለሉን ተመልከቱት። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ጫናን ይችላል፣ ሲጎተት ግን ይሰበራል። ለዓምድ ተስማሚ ነው፤ ቢም ሲሆን ግን የታችኛው ጎኑ ይጎተታል። ስለዚህ የስትረት ቢሞች ወደ ጫፋቸው እየሳሱ መሐላቸው ላይ ይወፍራሉ፤ ጉልበቱ የሚፈለገው እዚያ ነውና። በቢምና በቢም መካከል የሸክላ ቅስት ተዘርግቷል። ቅስት ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ወደ ጎን ይገፋል፤ ግፊቱን ለመያዝ መጎተትን የሚችል የተቀጠቀጠ ብረት ዘንግ ከቢም ቢም ታሰረ። በላይኛው ወለል ደግሞ ክብደት ለመቀነስ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የሸክላ ማሰሮዎች ተደርድረዋል። በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ሶሌታ (የፎቅ ወለል) ውስጥ ባዶ ብሎኬት ሲደረደር ያየ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

እዚህ ሕንፃ ላይ ለጌጥ ብቻ የገባ ነገር እምብዛም አታገኙም፤ ለእኔ ውበቱ ይህ ነው። እናንተም ፕላን ስትሠሩ እያንዳንዱን አካል ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ጠይቁት። ኮምፒውተሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት በእርሳስ ገምቱ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። በማሽኖቹ መካከል ሲሠሩ ከሚውሉት ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍል መማሪያቸው ነበር። የብረቱ ወለል የእሳቱን አደጋ ቀነሰላቸው፤ የሥራውን ሰዓት ግን አላሳጠረላቸውም። ስለዚህ ሥራ ስትቀበሉ አሠሪውን ስለ ካሬ ሜትሩ ብቻ አትጠይቁት። ማን፣ በየትኛው ፎቅ፣ ስንት ሰዓት እንደሚውል ጠይቁት። የደረጃውን ስፋት፣ የመስኮቱን ከፍታና የአየሩን መግቢያ መወሰን ያለባችሁ ከዚያ መልስ ተነሥታችሁ ነው።