ፊቱ ጭቃ ለሆነብሽ

«እንደ ኢምፕሬሽኒስቶቹ (ብርሃንን በፈጣን የብሩሽ ጭረት እንደሣሉት የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሠዓሊዎች) ፖርትሬት በዘይት ቀለም ልሥራ ብዬ ፊቱ ጭቃ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?» ላልሽው እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ጭቃ ስቀባ ነው የከረምኩት።

አንዱ ጥፋቴ ጥቁር ቀለም ነበር። ጥላ ባየሁ ቁጥር ከቆዳው ቀለም ላይ ጥቁር ጠብ አደርጋለሁ፣ ፊቱ የታመመ ሰው ይመስላል። አሁን ጥቁሩን ከፓሌቴ፣ ከቀለም መቀላቀያ ሰሌዳዬ፣ አስወጥቼዋለሁ። አልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡኒ) ሲቀላቀሉ ለጥቁር የቀረበ ጥልቅ ቀለም ይሰጣሉ፣ ግን ሕይወት አለው። ከነሱ ሌላ የሎው ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ካድሚየም ቀይና ቲታኒየም ነጭ ይበቁኛል።

ሌላው ማሸት ነው። ይሄ የባሰው ነው። ብሩሹን ሸራው ላይ ሳመላልሰው እርጥቡ ከእርጥቡ ይደባለቅና በቃ፣ ግራጫ ይሆናል። ቀለሙን ፓሌት ላይ ቀላቅለሽ ጨርሺ። ሸራው ላይ አሳርፊውና እጅሽን አንሺ። ካላማረሽ በቢላ ፋቂው እንጂ አትሺው። ሲወራ ቀላል ነው፣ እጅ ግን አይታዘዝም!

አንድ ቀን አክስቴን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ እሥላለሁ። አገጯ ሥር ያለው ጥላ ጥቁር መሰለኝ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ሳየው ግን የለበሰችው ብርቱካንማ ሹራብ ከታች እያበራበት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብርቱካንማ ቡኒ አሳረፍኩ። አገጯ ክብ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ጥላ ሳይ «ስንት ይጠቁራል?» ብቻ ሳይሆን «ወደየትኛው ቀለም ያደላል?» እላለሁ።

ሽፋሽፍት ላይ አትቸኩዪ። በትልቅ ብሩሽ ብርሃኑንና ጥላውን ለይተሽ ጀምሪ፤ ዓይኑ በኋላ ይደርሳል። የመጀመሪያውን የቀለም ንብርብር በአኳራጅ (በቀለም ማቅጠኛው) አቅጥኚው፣ ዘይት የበዛበት ከላይ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ለማየት ደግሞ በ1874 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ከነሞኔ፣ ከኢምፕሬሽኒስቶቹ፣ ጋር ሥዕሎቿን ያቀረበችውን ሠዓሊ በርት ሞሪዞን ፈልጊ። ልብስና እጁን በጥቂት ጭረት ትተወዋለች፣ ሰውየው ግን አለ። እኔ በበኩሌ ከሌላው ኢምፕሬሽኒስት ከሬኗር ይልቅ ከሷ ነው የተማርኩት።

የተበላሸውንም አትጣዪው። ገና እርጥብ ከሆነ በቢላ ፍቀሽ በጨርቅ ጥረጊው። የፊቱ ቅርጽ በስሱ ይቀርልሻል፤ ነገ እሱ ላይ ጀምሪ።