መልስ፦ ሲሪየስ ኤክስኤምን በቤት ኮምፒውተር ለመስማት

ወንድሜ፣ መኪናህ ውስጥ ያለውን ሲሪየስ ኤክስኤም (በክፍያ የሚሰማውን የአሜሪካ የሳተላይት ሬዲዮ) ቤት ባለው ኮምፒውተር ለመስማት ሌላ አንቴና ልግዛ ወይ ብለሃል። ኧረ በፍጹም! ኮምፒውተሩ ድምፁን የሚያመጣው ከኢንተርኔት እንጂ ከሳተላይት አይደለም። ድረ ገጻቸው ላይ ኢሜይልህንና የይለፍ ቃልህን አስገብተህ በብሮውዘር ትከፍታለህ፣ አለቀ። ግን የምትከፍልበት ጥቅል ኢንተርኔትንም የሚጨምር መሆኑን አስቀድመህ አካውንትህ ላይ እይ። የመኪናው ይቅርብኝ ካልክ፣ ለኢንተርኔት ብቻ የሚሸጥም አለ።

የሚያናድደው መዘግየቱ ነው። በኢንተርኔት የሚመጣው ከሳተላይቱ ትንሽ ወደኋላ ይቀራል፤ ኳስ የምታዳምጥ ከሆነ ጎሉን ጎረቤት ቀድሞ ይነግርሃል። ኢንተርኔትህ በዳታ የሚቆጠር ከሆነም አስብበት፤ በሰከንድ 128 ኪሎቢት የሚላክ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይበላል። ከተቆራረጠብህ ዋይፋዩን ትተህ በኬብል ሞክረው።