የሙያ ምክር፦ ማክ 5 ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ደብዳቤሽን ማክሰኞ ማታ አነበብኩት፤ ረቡዕ ጠዋት አራት ኪሎ ቢሮዬ ገብቼ እንደገና አነበብኩት። ለአንድ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ገጽ ነው የምመልሰው። ያንቺ ግን ዕድሜዬን ያሳለፍኩበትን ነገር ስለነካ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገር። ራሷን «ፍጥነት ወዳዷ» ያለችው ይህች ልጅ አራት ኪሎ የፊዚክስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ልጅ ሳለች ወንድሟ ለቡሄ ጅራፍ ሲያጮህ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃ መልስ የሚሰጣት አጣች። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ቀድሞ እንደሚሄድ ሰማች፤ ልቧ እዚያው ቀረ። ዛሬ ከድምፅ አምስት እጥፍ በሚፈጥኑ አውሮፕላኖች ላይ መሥራት ትመኛለች። ወጪዋን ችለው የሚያስተምሯት አጎቷ መርካቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አላቸው። «ከድምፅ የሚቀድም አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ማን ያመጣልሻል? ስትመረቂ ሱቁን ያዢ» ይሏታል። እናቷ ደግሞ «አጎትሽን አታስቀይሚብኝ» ይላሉ። የጠየቀችኝ አራት ነገር ነው፦ 3.1 ውጤት ይበቃል ወይ፣ እንግሊዝኛዬን ምን ላድርገው፣ ስኮላርሺፕ አሁኑኑ ልሞክር ወይ፣ ዋናው ደግሞ ይህ ሕልም እዚህ አገር እንጀራ ይሆናል ወይ።

ሦስቱን ቶሎ ልጨርስ። 3.1 ይበቃል። ለእንግሊዝኛው ኮርስ አትክፈይ፤ በየቀኑ አንድ ገጽ የመሣሪያ ማኑዋል መዝገበ ቃላት ይዘሽ አንብቢ። ስኮላርሺፑን ሁለት ዓመት ሠርተሽ ሞክሪ፤ ያን ጊዜ የምትጽፊው ነገር ይኖርሻል።

አራተኛው ላይ ልቆይ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ። «ማክ 5 ማለት 6,125 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው» ይላል። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣሽው ገብቶኛል። በ15 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር፣ በሰዓት 1,225 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ እሱን በአምስት አባዝተሻል። ነገር ግን ማክ እንደ ኪሎ ሜትር ወይም እንደ ኪሎ ግራም ያለ መለኪያ አይደለም። ጥምርታ ነው። የአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ በዚያው በሚበርበት አየር ውስጥ ላለው የድምፅ ፍጥነት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። የድምፅ ፍጥነት ደግሞ ከአየሩ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በመደበኛው የከባቢ አየር ሠንጠረዥ 11 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 56.5 ዲግሪ ነው፤ ድምፅም ወደ 1,062 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይወርዳል። እዚያ ላይ ማክ 5 ማለት በሰዓት 5,310 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጻፍሽው ጋር ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይለያያል።

አሜሪካዊውን አብራሪ ቸክ ዬገርን ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1947 በኤክስ-1 አውሮፕላን ወደ 1,127 ኪሎ ሜትር በሰዓት በረረ፤ ማክ 1.06። ከ50 ዓመት በኋላ አንዲ ግሪን ትረስት ኤስኤስሲ የተባለውን የጄት መኪና ኔቫዳ በረሃ ላይ በ1,228 ነዳ። ከዬገር በ100 ኪሎ ሜትር በለጠ፤ ማኩ ግን 1.02 ነው። ምክንያቱም ዬገር 13 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በብርድ አየር ውስጥ ነበር፣ ግሪን ደግሞ መሬት ላይ። ዬገር ያንኑ ፍጥነቱን ይዞ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን በአራት ኪሎ በኩል ቢያልፍ ኖሮ ማክ 0.91 ላይ ይቀር ነበር፤ ድምፅን አይቀድምም።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ድምፅ ይዘገያል» ይሉኛል። በስስነቱ አይደለም። ግፊቱ ሲቀንስ እፍጋቱም አብሮት ስለሚቀንስ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል፤ የሚቀረው ሙቀቱ ነው። 2,300 ሜትር ላይ ያለ 20 ዲግሪና ባሕር ጠለል ላይ ያለ 20 ዲግሪ ለድምፅ አንድ ናቸው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ላሳፍርሽ አይደለም። የወደድሽው ፍጥነቱን ይመስልሻል፤ ሰው ደመወዝ የሚከፍልሽ ግን ለልኬቱ ነው። ማክ የሚለው ስም የመጣበት የፊዚክስ ሊቅ ኤርንስት ማክ ራሱ ምንም ፈጣን ነገር አልሠራም። ከፒተር ሳልቸር ጋር ሆኖ በበረራ ላይ ያለ ጥይት ፊት የሚፈጠረውን የታመቀ አየር ፎቶ አነሱና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1887 አሳተሙ። ፎቶው ላይ ከጥይቱ ጫፍ ወደ ኋላ የሚከፈት ሾጣጣ ይታያል። ራቅ ብሎ፣ ሞገዱ ከደከመበት ላይ፣ የሾጣጣውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ከለካሽ ማኩን ታውቂዋለሽ፤ ጎኑ ከጥይቱ መንገድ ጋር 30 ዲግሪ ከሠራ ማክ 2 ነው። ሰዓት የለም፣ ሜትር የለም። ቁጥሩን በስሙ የጠራው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ያኮብ አከሬት ነው፤ በ1929፣ ማክ ከሞተ ከ13 ዓመት በኋላ።

እኔም ከዚያው ከአራት ኪሎ በፊዚክስ ተመርቄ 19 ዓመት የአውሮፕላን መሣሪያዎች ጥገና ላይ ሠርቻለሁ። የአውሮፕላን አፍንጫ አጠገብ ወደ ፊት የተቀሰረ አጭር ቱቦ አለ፤ ፒቶ ይባላል። ፊት ለፊት የሚመታው አየር በእሱ ይገባል። ከጎኑ ባለች ቀዳዳ ደግሞ የከበበው አየር ግፊት ይገባል። ማክ ሜትር የሚያነበው የእነዚህን ሁለት ግፊቶች ጥምርታ ነው። 1.6 ሲሆን ማክ 0.85 ማለት ነው፤ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች ረጅም መንገድ የሚሄዱበት። 1.89 ሲደርስ ማክ 1። ቴርሞሜትር አያስፈልገውም፤ ሙቀቱ በጥምርታው ውስጥ ተጣፍቶ ይወጣል። ይህ የገባኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከማክ 1 በላይ ደግሞ ቱቦው ፊት ሾክ ዌቭ የሚባለው የታመቀ አየር ግድግዳ ይቆማል፤ ወደ ቱቦው የሚገባው አየር ግድግዳውን አልፎ የመጣ ስለሆነ ሒሳቡ ሌላ ይሆናል። አንቺ ልትሠሪበት የምትመኚው ዓለም ከዚያች ግድግዳ ወዲያ ያለው ነው፤ የሚገባበት በር ግን ከወዲህ ነው።

አንድ ቀን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ቱቦዎቹ አየር እንዳያስወጡ እየፈተሽኩ ነበር። ግፊት ትሰጫለሽ፣ ቫልቩን ትዘጊያለሽ፣ ከዚያ መርፌውን እያየሽ ትጠብቂያለሽ። መውጫ ሰዓት ደርሶ ስለነበር የሚጠበቀውን ጊዜ ሳልጠብቅ «ደህና ነው» ብዬ ፈረምኩ። አለቃዬ ፊርማዬን አየ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ ምንም ሳይናገር ቱቦዎቹን መልሶ ሰጠኝ። ተቀምጬ ጠበቅሁ። መርፌው ቀስ ብሎ፣ ፀጉር በምታህል፣ ወረደ። አንዲት ኦሪንግ፣ አየር እንዳይወጣ የምታሽግ የጎማ ቀለበት፣ ተሰንጥቃ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የተነሳ አንድ ቦይንግ 757 ፒቶው ተደፍኖ የተሳሳተ ፍጥነት ስላሳየ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል፤ መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ነፍሳት የሠሩትን ጎጆ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ስለወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለኢትዮጵያዊ መንገር አይገባኝም። የዚያ ቀን ስሕተት ፍጥነት ላይ ሳይሆን የክንፉን ማዕዘን የሚለካው ጠቋሚ ላይ ነበር፤ ለእኔ ግን ጉዳዩ አንድ ነው። ስለዚህ «ልኬት ድጋፍ ሰጪ ሥራ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እቆጣለሁ።

ሥራው እዚህ አለ። የአውሮፕላን ጥገናና አቪዮኒክስ (የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ) ሥልጠና ማስታወቂያ ሲወጣ መስፈርቱን በሰው በሰው አትስሚ፤ ራስሽ አንብቢ፣ ፊዚክስ ከተቀበለ በዚያው ቀን አመልክቺ። የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አለ። የጠርሙስ ፋብሪካ የግፊት ጌጅ፣ የሆስፒታል ማምከኛ፣ የወርቅ ቤት ሚዛን፣ ሁሉም በየጊዜው ካሊብሬሽን የሚያደርግለት፣ ማለትም ንባቡን ከታመነ መለኪያ ጋር የሚያመሳክርለት፣ ሰው ይፈልጋል። ይህን ሁለት ዓመት ሠርተሽ ለማስተርስ ስታመለክቺ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ፍጥነት እወዳለሁ» ከሚል ሰው ተለይተሽ ትታያለሽ።

አሁን ስለ ቤተሰብሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ የታክሲና የምሳ ገንዘብ መስጠት ትልቅ ውለታ ነው፤ አጎትሽን «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ብለሽ አታልፊያቸውም። ሆኖም በዚህ ውለታ ዕድሜሽን ሙሉ ሱቅ ውስጥ እንድትቀመጪ መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ ሱቁ ሰው ካስፈለገው ሠራተኛ ይቅጠሩ። ይህን በአክብሮት፣ ግን ሳትሸሺ፣ ለእናትሽም ጭምር ንገሪያቸው። እናትሽን ግን አማላጅ አድርገሽ አትላኪ፤ ራስሽ መርካቶ ሂጂና ቁጭ ብለሽ ተናገሪ።

በገንዘቡ ጉዳይ ግን አጎትሽ ልክ ናቸው። ሁለት ታናናሾች እንዳሉሽ፣ እናትሽ በጉልት ንግድ ቤቱን እንደሚያስተዳድሩ ጽፈሽልኛል። ከዚያ ወረድ ብለሽ «ለሕልሜ ስል ጥቂት ዓመት ብቸገር ግድ የለም» ብለሻል። ይህን አልቀበልሽም። የምትቸገሪው አንቺ ብቻ ብትሆኚ ኖሮ እሺ እል ነበር። ከተመረቅሽ በኋላ ደመወዝ የሌለው ዓመት አይኑርሽ፤ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ የአንዱን ታናሽሽን የትምህርት ወጪ ያዢ። አጎትሽ ለመከራከር የሚያቅታቸው ያን ጊዜ ነው። እስክትመረቂ ድረስ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ግቢላቸው። የሚሸጧቸውን መልቲሜትሮች ሁሉ በአንድ ባትሪ ላይ ለኪና ንባባቸው ምን ያህል እንደሚለያይ ደብተር ላይ ጻፊ።

ጅራፉንስ? «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» እንላለን፤ በፊዚክሱ ግን ማንንም ሳይገርፍ ነው የሚጮኸው፣ ጫፉ ድምፅን ቀድሞት። በስልክ ካሜራ ልትለኪው አትሞክሪ። በሰከንድ 240 ምስል ቢያነሳ እንኳ በሁለት ምስሎች መካከል ጫፉ ከ1.4 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ የምታዪው ብዥታ ነው። ከሱ ይልቅ የድምፅን ፍጥነት ራሱን ለኪ። የ50 ሜትር ሜትሮና ቴርሞሜትር ተዋሺ፤ ከጓደኛሽ ጋር ሁለት ስልክ በሁለቱ ጫፍ አስቀምጣችሁ ሁለቱም ድምፅ ይቅረጹ። በመጀመሪያ እሷ ስልኳ አጠገብ ሁለት እንጨት ታጋጭ፣ ቀጥሎ አንቺ በአንቺ ጫፍ። በሁለቱ ኳኳታዎች መካከል ያለው ጊዜ በሁለቱ ስልኮች ላይ እኩል አይሆንም፤ ልዩነቱ ድምፅ 100 ሜትር ለመሄድ የሚፈጅበት ነው። በዚህ መንገድ የስልኮቹ ሰዓት ባይገጥምም ችግር የለም፤ ነፋሱም ይጣፋል። ንጋት ላይ በ8 ዲግሪ አድርጊው፣ ቀትር ላይ በ22 ዲግሪ ድገሚው። በንጋቱና በቀትሩ ውጤት መካከል ከ7 ሚሊ ሰከንድ በላይ ልዩነት ማግኘት አለብሽ፤ ተራ ስልክ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ስለሚመዘግብ በደንብ ይለየዋል። አሥር አሥር ጊዜ ደጋግመሽ የተበታተነውን ሁሉ ሳትደብቂ ጻፊ። ቃለ መጠይቅ ስትገቢ ይዘሽ የምትገቢው ያንን ደብተር ነው፤ ለእኔም ቅጂውን ላኪልኝ። ቴርሞሜትሩን ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጪው፤ ጥላ ውስጥ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጊው።