ስለ ጎተራው ጥያቄ፦ 56.5 ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ «የጎጃም ጎተራ ስንት ሜትር ኩብ ጤፍ ይይዛል? በካልኩሌተር 56.5 መጣብኝ፣ መጽሐፉ ግን 14.1 ይላል» ብለሃል። መጽሐፉ ልክ ነው። መልስህ 4 እጥፍ ከበለጠ መጀመሪያ ራዲየሱን እየው። 3 ሜትር የተሰጠህ ዲያሜትር ነው፤ ራዲየሱ 1.5 ነው። ቁመቱ 2 ስለሆነ 3.14 × 1.5 × 1.5 × 2 = 14.13።

አደራ፣ በሳይንቲፊክ ካልኩሌተር 3 ÷ 2 ብለህ ወዲያው የስኩዌሩን ቁልፍ አትጫን። 2ን ብቻ ስኩዌር አድርጎ 0.75 ይሰጥሃል። 3 ÷ 2ን በቅንፍ አስገባውና ከቅንፉ በኋላ ስኩዌሩን ተጫን፣ 2.25 ይመጣል።

ሾጣጣውን ክዳን አትደምር፤ ጤፉ ያለው ከሥሩ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ነው። በሊትር ከተጠየቅክ በ1000 አባዛው።