አዋጁ ጸድቋል፤ ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ለምን "ገና ነው" ይለኛል? ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ጠበቃ ነኝ፤ አብዛኛው ሥራዬ ንግድና ሸማች ነክ ጉዳዮች ላይ ነው። ሰሞኑን "ሕጉ ወጥቷል ይባላል፣ ስንሄድ ግን የለም ይሉናል" የሚል ቅሬታ ስለበዛ ዛሬ ጥያቄ እቀበላለሁ።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ አንድ አዋጅ ማጽደቁን በዜና ሰማሁ። ከነገ ጀምሮ ይሠራል ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው። አዋጁ መጀመሪያ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል። በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት ያለ ፊርማ ሕግ ይሆናል። ቀጥሎ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። አብዛኞቹ አዋጆች የመጨረሻ አንቀጻቸው ላይ ታትመው ከወጡበት ቀን ጀምሮ እንደሚጸኑ ይናገራሉ። ስለዚህ ቀን የምትቆጥሩት ከጋዜጣው እንጂ ከዜናው አይደለም። አዲሱ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) በመጋቢት ጸድቆ በሚያዝያ ታተመ። በእኛ አገር ልማድ ይሄ ፈጣን ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ግን ታትሟል። ፒዲኤፉን ስልኬ ላይ ይዤ ሄድኩ። "መመሪያ አልወጣም" ብለው መለሱኝ። ይችላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። እኛ ጋ አዋጅ የሚዘገየው በወረቀት ላይ አይደለም። በወረቀት ላይ ሥራ ጀምሯል። የሚዘገየው መመሪያው፣ መዝገቡና የሚያስፈጽመው መሥሪያ ቤት ነው።

የካፒታል ገበያ አዋጅን (1248/2013) ውሰድ። አክሲዮን የሚሸጥበት ገበያ እንዲኖር መጀመሪያ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን መቋቋም ነበረበት። ከዚያ ሰው መቅጠር፣ መመሪያ ማውጣት፣ ለገበያውና ለአገናኞቹ ፈቃድ መስጠት አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው ጥር 2017 ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው መዘግየት ብዙ አያናድደኝም፤ ያለ ተቆጣጣሪ አክሲዮን ከሚሸጥ ቢቆይ ይሻላል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅም (1147/2011) እንዲሁ ነው። ማሽንህን ወይም ከብትህን አስይዘህ መበደር ትችላለህ ይላል፤ ግን ብሔራዊ ባንክ ስር ያለው መዝገብ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ባንኩ ምኑን አምኖ ያበድርህ ነበር?

የሚያናድደው ሌላው ዓይነት ነው። አንቀጹ ራሱን የቻለ ሆኖ ሳለ "መመሪያ እንጠብቅ" የሚሉት። አንቀጽህን ቁጭ ብለህ አንብበው። "ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል" ካለ መጠበቅህ አይቀርም። እንዲህ የሚል ነገር ከሌለው ግን መብትህ ዛሬም አለ። ማመልከቻህን በጽሑፍ አስገባ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል "የለም" የሚል ሰው በጽሑፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይራል።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ጁስ መፍጫ በሦስተኛው ቀን ተበላሸ። ባለሱቁ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ወረቀት አሳየኝ። የሸማቾች ባለሥልጣን የሚባለውም ፈርሷል አሉኝ። ሕጉም አብሮ ፈረሰ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሕጉ አልፈረሰም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ (813/2006) ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ባለሥልጣኑ እውነት ነው፣ በአዋጅ 1263/2014 ታጥፎ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄዷል። ከዚያ ወዲህ ሰዉ የት አቤት እንደሚል ግራ ገብቶታል፤ አልፈርድበትም። ያንቺ ነገር ግን ቀላል ነው። ደረሰኝሽን ይዘሽ መጀመሪያ ወደ ሱቁ ተመለሺ፣ እምቢ ካለ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም። ደረሰኝ ካልተቀበልሽ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ አሮጌው የንግድ ሕግ ሙሉ በሙሉ ተሽሯል?

መልስ፦ አልተሻረም። አጓጓዥና ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም ቼክና ባንክ ነክ ክፍሎቹ (3ኛና 4ኛ መጽሐፍ) የ1952ቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ቤት ልገዛ ነው። በሕግ ተጀምሮ እስካሁን ያልተተገበረ ነገር ካለ ብታስጠነቅቀኝ?

መልስ፦ አለ፣ ያውም ትልቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። ስለ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ የሚደነግገው ክፍል ግን በአንቀጽ 3363 ታግዶ ቀረ። በትእዛዝ ቀን እስኪቆረጥለት ይቆይ ተብሎ ነበር፤ ያ ቀን ሳይቆረጥ ሦስት መንግሥት አለፈ። በኋላ የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ (818/2006) መጥቶ ክፍተቱን በከፊል እየሞላ ነው። አንተ ከመክፈልህ በፊት ቤቱ ላይ ዕዳ ወይም እገዳ መኖሩን ይዞታው ከተመዘገበበት መሥሪያ ቤት አጣራ። ውሉም ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። የደላላ ቃል እና የካርታ ፎቶ ኮፒ አይበቃም።

ጥያቄ፦ በፍጥነት የተተገበረ ሕግ አይተህ ታውቃለህ?

መልስ፦ የቢራ ማስታወቂያ! በአዋጅ 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ሬዲዮ ተከለከለ፤ የተሰጠችው የእፎይታ ጊዜ ስታልቅ ጠፋ። ቁርጥ ያለ ቀን ነበረው፣ አዲስ ቢሮም አላስፈለገውም። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ሕግም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 ጸድቆ መተግበር የጀመረው ግንቦት 25 ቀን 2018 ነው። ሁለት ዓመት ቆየ፣ ግን ቀኑን ሁሉም ቀድሞ ስለሚያውቅ ተዘጋጀበት።

ጥያቄ፦ የተገላቢጦሽስ? መመሪያው ወጥቷል ይሉኛል፣ እኔ ግን የትም አላገኘሁትም።

መልስ፦ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅን (1183/2012) ጥቀስለት። በፍትሕ ሚኒስቴር ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም። የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቅ። ቁጥር ካልሰጡህ፣ መሳቢያ ውስጥ ባለ ወረቀት ነው የሚያስተናግዱህ።