ልብ ወለድ አንብባችሁ ስትፈርዱ

የተወደዳችሁ የአያትና የጣፎ ወጣቶች፣

ከዳኝነት ሥራዬ በጡረታ ከተሰናበትሁ ወዲህ የሕግ መጻሕፍቱን ወደ ጎን ብዬ እናንተ የምትነጋገሩባቸውን ልብ ወለዶች ማንበብ ይዣለሁ። የሥነ ጽሑፍ ሊቅ አይደለሁም፤ እንደ ማንኛውም አንባቢ የጣመኝን እስከ መጨረሻው አነባለሁ፣ ያልጣመኝን መልሼ መደርደሪያው ላይ አኖራለሁ። ከእናንተ ጋር ስለ መጻሕፍት ስጨዋወት ግን አንድ ነገር ደጋግሞ አሳስቦኛል። የተዋሳችሁትን መጽሐፍ ስትመልሱልኝ «እንዴት አገኛችሁት?» ብዬ ስጠይቅ «ጋሼ፣ በጣም አሪፍ ነው» ወይም «ይደብራል» ትሉኝና ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ዳኛ ውሳኔውን ሲጽፍ ምክንያቱን አብሮ ይጽፋል፤ ያለዚያ የተረታው ወገን ለምን እንደተረታ አያውቅም፣ ይግባኝ ሰሚውም የሚመረምረው ነገር አያገኝም። እናንተም የትኛው ትዕይንት እንደያዛችሁ፣ የየትኛው ሰው ንግግር እንዳላሳመናችሁ ከገጹ እየጠቀሳችሁ መናገር ብትለምዱ ቀጣዩን መጽሐፍ የምታነቡበት ዓይን ሌላ ይሆናል።

አብዛኞቻችሁ የወደዳችሁትን የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ልውሰድ። እኔም ሳላቋርጥ ነው ያነበብሁት። የጣና ገዳማትን፣ ስለላንና ሳይንስን በአንድ ታሪክ አስተሳስሮ አንባቢውን ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ ያጣድፈዋል፤ ከእናንተ መካከል ልብ ወለድ ማንበብ የጀመረው በእርሱ የሆነ አለ፣ ይህም ቀላል ውለታ አይደለም። ቅር ያለኝ የሰዎቹ አንደበት ስለተመሳሰለብኝ ነው፤ የተናጋሪውን ስም በጣቴ ሸፍኜ ንግግሩን ብቻ ሳነብ ማን እንደሚናገር ለመለየት ተቸግሬያለሁ። አንዲት እህታችሁ በዚህ ፈጽሞ አልተስማማችም፤ ምስጢር የሚያሳድድ ታሪክ የሚመዘነው ምስጢሩን በመያዙና በትክክለኛው ሰዓት በመልቀቁ ነው፣ ጋሼ የጠየቁት የሌላ ዓይነት መጽሐፍ ነው አለችኝ። ክርክሯ ከመጽሐፉ ባሕርይ የተነሣ ስለነበረ አከበርሁት፤ እንዲህ ያለውን ሙግት ነው ከሁላችሁም የምሻው።

የእኔን መመዘኛ ከጠየቃችሁኝ፣ ደራሲው የማይወደውን ሰው እንዴት እንደያዘው አያለሁ። በቅርቡ ካነበብኋቸው ብዙ ተወዳጅ ልብ ወለዶች ውስጥ ክፉው ሰው ክፉ ሆኖ ይገባል፣ ክፉ ሆኖ ይወጣል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቃሉን ሳይሰጥ ይፈረድበታል። በ1958 የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከዚህ ይለያል። ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየመረጡ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ያለ ባል ያስቀሩ፣ ገበሬውን ከወግ ውጭ ያስገበሩ ሰው ናቸው፤ ደራሲው የዚያን ሥርዓት በደል በጉዱ ካሣ አፍ ያለ ርኅራኄ ያወግዘዋል። ሆኖም እምቢ ያሉትን ገበሬዎች ሊቀጡ ዘምተው በእነርሱው እጅ ሲወድቁ፣ በአንድ በኩል እየሳቅሁባቸው በሌላ በኩል አዝኜላቸዋለሁ። ከተወለዱበት ጀምሮ ክብር ይህ ነው ተብለው ያደጉበት ነገር ዓይናቸው ሥር ሲፈርስ የሚያዩ ሽማግሌ ሆነው ታዩኝ። ሥርዓቱን እየጠላ ሰውየውን ሰው አድርጎ መጻፍ ትልቅ ችሎታ ነው፣ እኔም በችሎት ዘመኔ ሁሉ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ ሌላ ዓይነት ድፍረት አለው። ተራኪው ጋዜጠኛ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ደርግ በኤርትራ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ወደ አስመራ የተላከ፣ በመንግሥት ወገን የቆመ ሰው ነው፤ ደራሲውም በዘመቻው ላይ በሙያው የተሳተፈ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ያም ሆኖ መጽሐፉ የራሱን ወገን ከንቱነትና ሥጋት ከመግለጥ አልራራም። በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉን «የፍቅርና የጦርነት ታሪክ» ብላችሁ ስታልፉት የሚያንገበግበኝ፣ እነዚያ ገጾች ምን እንዳስከፈሉ ስለማውቅ ነው።

ብዙዎቻችሁ ከአያት በባቡሩ መሐል ከተማ እስክትደርሱ በስልካችሁ ትረካ ትሰማላችሁ። አልነቅፍም፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ያላነበበ ሰው የመጽሐፉን ዋና ባለ ታሪክ በዛብህን እንደ ዘመዱ አውቆታል። ነገር ግን ተራኪ በድምፁ አብሮ ይፈርድላችኋል፤ የቱ ጋ እንደምታዝኑ፣ የቱ ጋ እንደምትስቁ አስቀድሞ ይነግራችኋል። ስለዚህ በትረካ የወደዳችሁትን ክፍል ቢያንስ አንድ ጊዜ በገዛ ዓይናችሁ፣ በራሳችሁ ፍጥነት አንብቡት።

አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ዳር ለምንኖረው ሩቅ ስለሆነ፣ የጠቀስኋቸው ሦስቱም እኔ ዘንድ አሉላችሁ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውፍረት የሚያስፈራው በ«ኦሮማይ» ይጀምር። ይህ ቅጂዬ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት ነው፤ የማላውቀው የቀድሞ አንባቢ ኅዳጉ ላይ በደቃቅ እርሳስ አንድ ቦታ «ለምን ዝም አለ?» ሌላ ቦታ ደግሞ «አላምንም» ብሎ ጽፎበታል፣ ከእርሱም ጋር ብዙ ተከራክሬያለሁ። በራሳችሁ መጽሐፍ ላይ እንዲሁ አድርጉ። በተዋሳችሁት ላይ ግን አትጻፉ፤ ሐሳባችሁንና የገጹን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት አስፍራችሁ መሐሉ ላይ አኑሩት፣ ስትመልሱም ወረቀቱን ሳታወጡ አምጡልኝ። በተለይ ለፊታውራሪ መሸሻ ማዘኔን የማይቀበል ካለ፣ ከየትኛው ገጽ ተነሥቶ እንደሚሞግተኝ ማየት እሻለሁ።