የሱፍ አበባው ለምን ጨረር ሆነ?

ከኮምቦልቻ የጻፉልኝ ጠያቂ ለግቢያቸው አትክልት ቦታ ከቀይ ለስላሳ ድንጋይ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ አስጠርበዋል። የሱፍ አበባን ፍሬዎች አደራደር ሊቀርጹበት አስበው እያንዳንዱን ነጥብ ከቀዳሚው 140 ዲግሪ እያዞሩ በከሰል ቢያሰፍሩ፣ በጠመዝማዛው ፈንታ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ ቀጥ ያሉ መስመሮች ወጡባቸው።

ጥፋቱ የእጅዎ ሳይሆን የ140 ነው። 140 ዲግሪ 18 ጊዜ ሲደጋገም 2520፣ ማለትም ልክ 7 ሙሉ ዙር ስለሚሆን 19ኛው ነጥብ ከ1ኛው ጋር በአንድ መስመር ይውላል፤ ድንጋይዎ ላይ 18 ጨረሮች የተሰለፉትም በዚህ ምክንያት ነው። በአበባው ላይ ፍሬ ከፍሬ የሚለይበት ማዕዘን 137.5 ዲግሪ ገደማ ነው። ግማሿን ዲግሪ አይናቋት፤ 137 ላይ ቢያቆሙ ፍሬዎቹ 21 ክንድ ሠርተው በመካከላቸው ክፍተት ይታያል።

ማዕዘኑን ከቀዳሚው ነጥብ ሳይሆን ሁልጊዜ ከአንድ መነሻ መስመር ይለኩ፤ አለዚያ ትንሿ ስህተት እየተጠራቀመች ትሄዳለች። ለምሳሌ ለ10ኛው ነጥብ 1375 ዲግሪ ይመጣል፤ 3 ዙር፣ ማለትም 1080 ሲቀነስለት 295 ይቀራል። ከመሃል ያለው ርቀት ደግሞ የነጥቡ ተራ ቁጥር ካሬ ሥር በ2 ሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ይገኛል፦ 4ኛው 4፣ 25ኛው 10፣ 100ኛው 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። 196ኛው 28 ላይ ሲደርስ ያቁሙ፤ የቀረችው 2 ሳንቲ ሜትር ጠርዙ እንዳይሸረፍ ትጠብቀዋለች።

ፍሬዎቹን እንደ ጉድጓድ ሊፈለፍሏቸው ማሰብዎን ግን አልወደድኩትም። የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ያየ ሰው እንደሚያውቀው እንዲህ ያለው ድንጋይ ለመሮ ይገዛል፣ ውኃም ይጠጣል፤ ለአንዳንዶቹ የዝናብ መጠለያ የተሠራላቸው ያለ ነገር አይደለም። በየጉድጓዱ የክረምት ውኃ ከሚያቁር፣ ፍሬው ጉብታ ሆኖ ዙሪያው ቢጎደጉድና ክቡ በጠጠር መደብ ላይ ዘመም ብሎ ቢቆም፣ ዝናቡ በጉብታዎቹ መካከል ወርዶ ይሄዳል።

ገና መሮ ስላላነሡ ከሰሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ድንጋዩ ሲደርቅ እንደገና ይንደፉ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ መሮውን ምንጊዜም ከጠርዝ ወደ መሃል ይምሩት፤ ወደ ውጭ የተመታ ጠርዝ ተቦድሶ ይወድቃል።